ደስ ያለን ሁሉ እውነት ነውን?



«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ሲሉ አበው ተርተዋል። ይህን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው አድገናል፤ ብዙ ጊዜም የምንጠቅሰው የተበደለ ሰው ስናጽናና ነው። ዳሩ ግን ንጋትና እውነት በአንድ ነገር ይለያያሉ። ንጋት እኛ ተኝተን ብንቆይም መምጣቱ አይቀርም። እውነት ግን የሚፈልገው፣ የሚጠይቅለት፣ ባገኘውም ጊዜ ባይመቸው እንኳ የሚቀበለው ሰው ይሻል።

ስለ ሐሰት ብዙ ጊዜ ተምረናል። በሐሰት መመስከር ክፉ መሆኑን የማያውቅ ወጣት በመካከላችን የለም። በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው ግን ከዚህ ረቀቅ ያለውን ነገር ነው። ይኸውም ሰው አንዲት የሐሰት ቃል ሳይናገር፣ የሚመቸውን ብቻ እየሰማና የማይመቸውን እያለፈ ከእውነት እንዴት እንደሚርቅ ነው። ይህን የምንጽፈው ሌሎችን ለመገሠጽ አይደለም። በራሳችን ላይ ደርሶ ስላየነው ነው።

ሀ. በእኛ ላይ የደረሰው

ባለፈው ዓመት በጥናት ክፍላችን የጠቅላላ ዕውቀት ውድድር ተደርጎ ነበር። ለሁለት ተከፍለን እያንዳንዱ ወገን «ኢትዮጵያውያን ለዓለም ዕውቀት ያበረከቱት» በሚል ርእስ አንድ ጽሑፍ እንዲያቀርብ ተወሰነ። የእኛ ወገን ብዙ ሳይከራከር ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን መረጠ። በትልቅ ወረቀት ላይም በቀይ ቀለም እንዲህ ብለን ጻፍን፤ «ኢትዮጵያዊው ፈላስፋ ዘርዓ ያዕቆብ ከፈረንሳዊው ዴካርት ቀድሞ ሁሉን ነገር በልቡና መመርመር እንደሚገባ ጻፈ።»

ጽሑፉ በሚሰናዳበት ሳምንት ከመካከላችን አንዱ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ሲያነብ ሁለት ነገር አግኝቶ መጣ። አንደኛው፣ ሐተታው ስለ ራሱ እንደሚናገረው የተጻፈው በ1667 ሲሆን፣ የዴካርት የታወቀው መጽሐፍ የታተመው ግን በ1637 መሆኑ ነው፤ ዴካርት ራሱም የሞተው በ1650 ነው። ሁለተኛው፣ የሐተታው እውነተኛ ደራሲ ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት መኖራቸው ነው።

ይህን በነገረን ጊዜ ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ በኋላ አንዱ «አሁን ጊዜ የለንም» አለ። ሌላው «ለእነዚያ መሣሪያ እናቀብል እንዴ?» አለ። ሦስተኛው ደግሞ «የእኛ አይደለም የሚሉት ፈረንጆች ናቸው፤ ምን ይበሉ ኖሯል?» አለ። ይህ የመጨረሻው ቃል ሁላችንንም አሳረፈን። ወረቀቱ እንደ ተጻፈ በግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ እኛም አሸነፍን፤ አንድ መዝገበ ቃላት ተሸለምን።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከታናናሾቻችን ክፍል አንድ ልጅ መጣ። ቃሉን ከወረቀታችን ላይ ገልብጦ ለትምህርት ቤቱ ድርሰት አቅርቦ ኖሯል። መምህሩ ስለ ዓመቶቹ ቢጠይቁት መልስ አጥቶ በተማሪዎቹ ፊት አፍሯል። ወደ እኛ የመጣው ግን ሊጣላን አልነበረም። «እናንተ ይህን ታውቁ ነበር?» ብቻ ነው ያለን።

እርስ በርሳችን ተያየን። «አናውቅም ነበር» ብንለው ግልጽ ሐሰት ይሆናል። በመጨረሻ «እናውቅ ነበር» አልነው። ልጁም ምንም ሳይመልስ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን እንደ ገና ከሥሩ ለመመርመር ተሰበሰብን፤ ያገኘነውንም ለእናንተ ለማካፈል ወደድን።

ለ. ነገሩ እንዴት ነው?

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ በግዕዝ የተጻፈ ነው። ባለታሪኩ ስለ ራሱ ሲተርክ፣ በአክሱም አካባቢ ከድኻ ገበሬ እንደ ተወለደ፣ ዜማና ቅኔ እንደ ተማረ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ምክንያት ሁከት በሆነ ጊዜ ተከሶ እንደ ሸሸ፣ ሁለት ዓመት በዋሻ ውስጥ እንደ ተቀመጠ፣ በኋላም ወደ እንፍራዝ ሄዶ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት እየጻፈና እያስተማረ እንደ ኖረ ይናገራል። በዋሻው ሳለ ያስጨነቀው ጥያቄ አንድ ነው። ሰው ሁሉ የእኔ መንገድ የቀናች ናት ሲል በመካከላቸው ዳኛ የሚሆነው ማን ነው? የደረሰበትም መልስ፣ እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው ልቡና መመርመሪያ መሆኑ ነው። ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወትም የራሱን ሐተታ ጨምሮበታል።

መጽሐፉ ለዓለም የታወቀው ግን በአንድ ሰው እጅ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣልያናዊ የካፑቺን መነኩሴ በበጌምድር ተቀምጦ ግዕዝ እየተማረ፣ አንቷን ዳባዲ ለሚባል ፈረንሳዊ ተመራማሪ የብራና መጻሕፍት ያሰባስብ ነበር። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ይህን ሐተታ አገኘሁ ብሎ ላከለት። ቅጂዎቹ ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በ1904 ኤኖ ሊትማን የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ግዕዙን ከላቲን ትርጕም ጋር አሳተመው፤ እርሱም የኢትዮጵያዊ ሥራ አድርጎ ተቀበለው።

በ1920 ግን ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለ ጣልያናዊ ሊቅ «ይህን የጻፈው ራሱ ጁስቶ ነው» ብሎ ተነሣ። አንድ ኢትዮጵያዊ የካቶሊክ ቄስ ጽፈው የተዉትን ማስታወሻ በምስክርነት አቀረበ። በ1934 ኦይገን ሚትቮክ የተባለ ጀርመናዊም ደገፈው። የዚህ ወገን ዋና ክርክር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከጁስቶ እጅ ያልወጣ፣ ከእርሱም ዘመን የቀደመ ቅጂ በገዳማትም ሆነ በሌላ ስፍራ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሁለተኛ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው አሳብ በአውሮፓ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት የነበሩ ፈላስፎች ከተናገሩት ጋር በጣም ይቀራረባል።

በሌላው በኩል የቆሙትም ቀላል ሰዎች አይደሉም። ከአገራችን ሊቃውንት ዓለማየሁ ሞገስ መጽሐፉ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ተከራክረዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ክላውድ ሰምነርም ከ1970ዎቹ ጀምሮ በብዙ ቅጽ መርምረው የጁስቶ ሊሆን አይችልም ብለዋል። እነዚህ ደግሞ የሚሉት፣ ደራሲው መዝሙረ ዳዊትን እንደ ውኃ የሚጠጣ፣ የቅኔ ቤት ሰው መሆኑ ከአነጋገሩ ይታወቃል፤ ግዕዙም ቋንቋውን በጥቂት ዓመት ከተማረ የውጭ ሰው የሚወጣ አይደለም። ቅጂ አለመገኘቱም አያስደንቅም፤ ሃይማኖቶችን ሁሉ የሚጠይቅ መጽሐፍን የትኛው ገዳም አስገልብጦ ያኖረዋል?

ክርክሩ በዚህ አላበቃም። በ2013 አናይስ ዊዮን የተባሉ ፈረንሳዊት የታሪክ ተመራማሪ የጁስቶን ደብዳቤዎችና ቅጂዎቹን እንደ ገና መርምረው የጁስቶ ሥራ ነው ብለው ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህም ሊቃውንት በሁለቱም ወገን መጻፋቸውን ቀጥለዋል።

ሐ. ለሁሉም የሚመቸው ነገር አለው

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ አንድ ነገር አስተዋልን። በዚህ ክርክር ውስጥ ምንም የማይመኝ ሰው የለም።

እኛ ኢትዮጵያውያን የራሳችን ፈላስፋ ቢኖረን ደስ ይለናል። ከመካከላችን ደግሞ መጽሐፉ በሃይማኖት ላይ የሚጠይቀው የማይጥመው ሰው አለ፤ ለዚያ ሰው «ይህ የፈረንጅ ሥራ ነው» መባሉ ዕረፍት ነው። በውጭ ካሉትም አፍሪካዊ እንዲህ አያስብም የሚል ንቀት ያለበት አለ፤ ለእርሱም ጁስቶ መልካም መልስ ነው። በአንጻሩ ደግሞ አፍሪካ የራሷ ዴካርት አላት ለማለት የሚቸኩል የውጭ አገር ሰው አለ። እያንዳንዱ መጽሐፉን ሳይገልጥ መልሱን ይዞ መጥቷል።

ይህ ነገር ከሒሳብ ትምህርት የምናውቀው ነው። መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ ያየ ተማሪ ስሌቱን ወደዚያው ይጎትተዋል። መስመሮቹ ሁሉ በሥርዓት የተጻፉ ይመስላሉ፤ አንዱ መስመር ላይ ግን ቁጥሩ ያለ ምክንያት ተለውጧል። ተማሪው ማንንም አልዋሸም ይሆናል፤ ነገር ግን ሒሳቡን አልሠራውም። አሳባችንም እንዲሁ ነው። የምንመኘው መልስ አስቀድሞ ከታወቀ ማስረጃው የሚጠራው ለጌጥ ብቻ ነው።

የእኛም ጥፋት እዚህ ላይ ነው። «ከዴካርት ቀድሞ» ብለን የጻፍነውን ቃል ካየነው በኋላ እንኳ ለማዳን ሞክረን ነበር። ከመካከላችን አንዱ «የጻፈው በኋላ ቢሆንም በዋሻው ውስጥ ያሰበው ቀድሞ ነው» አለ። በእርግጥ በመጽሐፉ ትረካ መሠረት የዋሻው ዘመን በ1630ዎቹ መግቢያ ላይ ይወድቃል። ነገር ግን ስለ ዋሻው የሚመሰክረው ያው ክርክር የተነሣበት መጽሐፍ ነው። የተጠረጠረ ሰው ስለ ራሱ በሰጠው ምስክርነት ነጻ አይወጣም፤ መጽሐፍም እንዲሁ።

መ. ከዚህ የምንማረው

ከዚህ ታሪክ ለአሳባችን መመርመሪያ የሚሆኑ አራት ነገሮችን አግኝተናል።

1. ደስ ያሰኘንን ነገር እጥፍ አድርገን እንመርምር። የማንወደውን ወሬ ስንሰማ «ማን አለ? መቼ? በምን ታወቀ?» እንላለን። የምንወደውን ስንሰማ ግን እነዚህ ጥያቄዎች ከአፋችን ይጠፋሉ። የሚገባው ግን ተገላቢጦሹ ነው። በማንወደው ነገር ላይ ልባችን ሳንጠይቀው ይጠብቃል፤ በሩን ከፍቶ የሚያስገባው የምንወደውን ነው።

2. ተናጋሪውን ከነገሩ እንለይ። ኮንቲ ሮሲኒ በኤርትራ የጣልያን ቅኝ ግዛት ሹም የነበረ፣ በ1935ም ጣልያን አገራችንን በወረረችበት ዓመት ኢትዮጵያ በሥልጣኔ መራመድ አትችልም የሚል ጽሑፍ ያወጣ ሰው ነው። እኛም ይህን ባነበብን ጊዜ «ነገሩ አለቀ» ብለን ልንነሣ ነበር። ነገር ግን ቀደም ያለ ቅጂ አለመገኘቱ በኮንቲ ሮሲኒ ክፋት አይሻርም። ቅጂው ወይ አለ ወይ የለም። ጠላታችን «ቤታችሁ ጭስ ይታያል» ቢለን ጠላትነቱን ስንመረምር ቤቱ ይቃጠላል። የሰውየው ሁኔታ የሚጠቅመን ቃሉን በጥንቃቄ እንድንመዝን ነው፤ ሳንመዝን እንድንጥለው አይደለም። ሰምነርን ስለ ወደድናቸው ብቻ ቃላቸውን ሳንመዝን መቀበልም ያው ስሕተት ነው።

3. የዓይን ምስክርንና የጆሮ ምስክርን አናደባልቅ። አባቶቻችን በችሎት ሲቆሙ ምስክሩን «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ኮንቲ ሮሲኒ ያቀረበውን የቄሱን ማስታወሻም በዚሁ መንገድ ልንጠይቀው ይገባል፤ ጁስቶ ሲጽፍ አይተዋል ወይስ ሲባል ሰምተዋል? ቋንቋችንም ለዚህ የሚረዳ ጸጋ አለው። «ነው»፣ «ይመስለኛል»፣ «ይባላል» የሚሉት ሦስት ቃላት ሦስት ልዩ ልዩ ክብደት አላቸው። እኛ በቀይ ቀለም የጻፍነው «ጻፈ» ብለን ነው። «ጻፈ ይባላል» ብለን ብንጽፍ ኖሮ አንዲት ቃል ብቻ ትጨመር ነበር፤ ያም ልጅ ባላፈረ ነበር።

4. አሳብን መለወጥ ሽንፈት አይደለም። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በግዕዝ ጽሑፎች ምርምር በዓለም የታወቁ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ነበሩ፤ ያረፉት በ2021 ነው። ቀድሞ ሐተታው የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ከሚጠራጠሩት ወገን ነበሩ። ኢትዮጵያዊ ሆነው ይህን ማለት ለብዙዎች ደስ የሚያሰኝ አልነበረም፤ እርሳቸው ግን የመሰላቸውን ተናገሩ። በ2017 ባወጡት ጽሑፍ ደግሞ ጽሑፉን እንደ ገና መርምረው መሠረቱ የኢትዮጵያዊ ነው፣ በኋላ የሌላ እጅ ገብቶበት ሊሆን ይችላል ወደሚለው አሳብ ዞሩ። እኛን ያስተማረን የደረሱበት መልስ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ የወገን ምኞት ሳያሸንፋቸው፣ በኋላም የገዛ ራሳቸው የቀድሞ ቃል ሳያስራቸው መቅረቱ ነው። ሰው ከሌላው ቃል ይልቅ ከራሱ ቃል መላቀቅ ይከብደዋልና።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ የጥናት ክፍል ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይል ይሆናል። እኛም እንዲህ ብለን ነበር። ነገር ግን ሰው በትልቅ ነገር ላይ የሚፈርደው በትንሹ በለመደው አፈራረድ ነው። ዛሬ ለውድድር ሲል የማይመቸውን ዓመት የሚደብቅ ወጣት፣ ነገ ሐኪም ሆኖ የማይመቸውን የምርመራ ውጤት፣ ዳኛ ሆኖ የማይመቸውን ምስክር፣ ወላጅም ሆኖ ስለ ልጁ የሚነገረውን የማይመች ቃል ማለፍ አይከብደውም። ልማዱ አንድ ነው፤ የሚለየው ጉዳቱ የሚያርፍበት ሰው ብቻ ነው።

ሠ. ማጠቃለያ

ጥናታችንን በጨረስን ጊዜ ቀዩን ወረቀት አውርደን በስፍራው ሌላ ለጠፍን። በአዲሱ ወረቀት ላይ ሐተታው ስለ ራሱ የሚለውን፣ ጁስቶ እንዴት እንደ ላከው፣ የሁለቱን ወገን ክርክርም እያንዳንዱ ወገን ራሱ ቢያነበው «አዎን፣ የምለው ይህን ነው» እንዲል አድርገን ጻፍን። ከታችም «አሳባችንን የሚለውጠው ምንድን ነው?» የሚል መስመር ጨመርን። ከጁስቶ ዘመን የቀደመ፣ በእርሱም እጅ ያላለፈ አንድ ቅጂ ከአንድ ገዳም ዕቃ ቤት ቢገኝ ክርክሩ ያበቃል። በአንጻሩ ጁስቶ ራሱ ሲያረቅቅ የሠራበት የመጀመሪያ ረቂቅ ቢገኝ እንዲሁ ያበቃል። እስከዚያ ድረስ ግን «ክርክሩ አልተቋጨም» ማለት ዕውቀት ማጣት አይደለም፤ የዕውቀታችንን ልክ መናገር ነው።

አዲሱ ወረቀት እንደ ፊተኛው አያምርም። ረጅም ነው፤ በቀይ ቀለም የሚጻፍ አንድም አጭር ቃል የለበትም። ያሸነፍነው ወገን ወዳጆቻችንም አንብበው «ሽልማቱን መልሱ» ብለው ቀልደውብናል። መዝገበ ቃላቱን ለሁሉም እንዲሆን በክፍሉ መደርደሪያ ላይ አኖርነው። ያም ታናሽ ልጅ መጥቶ ሁሉንም አነበበና «ታዲያ የቱ ነው እውነቱ?» ብሎ ጠየቀን። የምናውቀውንና የማናውቀውን ለይተን ነገርነው። ለጥቂት ጊዜ አሰበና «ይህንን ልገልብጠው?» አለ። ገለበጠውም።

ሐተታ ማለት ምርመራ ማለት ነው። መጽሐፉን የጻፈው የአክሱሙ ደብተራም ይሁን የኡርቢኖው መነኩሴ፣ የሚጠይቀን አንድ ነገር ነው፤ ሰው የነገረንን ሁሉ ሳንመረምር አንቀበል። እኛ ግን ይህንኑ መጽሐፍ ሳንመረምር ለጌጥ ሰቅለነው ነበር። እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ በሌላው ላይ የምናነሣውን ጥያቄ በመጀመሪያ በራሳችን ምኞት ላይ ማንሣትን እንልመድ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቅርቡ ሰምታችሁ ደስ ስላሰኛችሁ ብቻ ያመናችሁት ነገር አለ? በምን ታወቀ ብላችሁ ብትጠይቁ ምን መልስ ታገኛላችሁ?

2. የማንወደው ሰው እውነት ሲናገር መቀበል የሚከብደን ለምንድን ነው? ከሕይወታችሁ ምሳሌ ስጡ።

3. አጥብቃችሁ የምትይዙትን አንድ አሳብ ምረጡ። ይህን አሳብ እንድትለውጡ የሚያደርጋችሁ ምን ዓይነት ማስረጃ ነው? «ምንም የለም» የሚል መልስ ካገኛችሁ ስለ አሳቡ ምን ይነግራችኋል?

4. ታናሹ ልጅ «ታውቁ ነበር?» ብሎ በጠየቀን ጊዜ እናንተ በእኛ ስፍራ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር?